ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም፦ ለቤት ውስጥ ግድግዳ ነጭ ቀለም እንዴት ይመረጣል

ነጭ ቀለም መምረጥ ቀላል የሚመስለው ነጩን ብቻውን እስካዩት ድረስ ነው። አምስት "ነጭ" ናሙናዎችን ጎን ለጎን ደርድረው ሲያዩ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ አምስተኛው ደግሞ የቀሩትን ሁሉ ያቆሸሻቸው ይመስላል። ለየብቻ ሲታዩ አምስቱም ነጭ ነበሩ። ቤት ተቀብቶ ካለቀ በኋላ "እኔ ነጭ ነው ያልኩት፣ ይሄ ሮዝ ከየት መጣ?" የሚያሰኘውም ይኸው ነው። ቀለሙ አልተለወጠም፤ የሚያሳብቅበት ነገር ከጎኑ አግኝቶ ነው።

የሚያሳብቁበት ሁለት ናቸው፤ ክፍሉ የሚያገኘው ብርሃን እና ክፍሉ ውስጥ የማይቀየረው ነገር ሁሉ። ስለዚህ ምርጫው ከክፍሉ ይጀምራል እንጂ ከካታሎግ አይጀምርም።

ነጩ ውስጥ ምን አለ?

የዛሬዎቹ ነጭ ቀለሞች ንጣታቸውን የሚያገኙት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ከሚባል ዱቄት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መርዛማውን የሊድ ነጭ ከቤት ያስወጣው እሱ ነው። ፋብሪካው ወይም ቀለም ቀላቃዩ በዚህ ነጭ ላይ ጥቂት ጠብታ ማቅለሚያ ይጨምርበታል፦ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ነጭ ላይ ግን ትንሽ ነገር አይደበቅም።

ቢጫ ብቻውን ሲገባ ክሬም ይሆናል። ቢጫና ቀይ አብረው ሲገቡ ወደ ሮዝና ወደ ኮክ መልክ ይሄዳል። ጥቁር ብቻውን ሲገባ ግራጫ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ቢጫና ጥቁር ሲገናኙ ነው፤ አረንጓዴ ይሰጣሉ። "ሞቅ ያለ፣ ግን ቢጫ ያልሆነ ነጭ" ተብሎ የተገዛ ቀለም ዛፍ ፊት ለፊት ባለ ክፍል ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ቅልቅል ምክንያት ነው። ቀለሙ በማሽን የሚቀላቀል ከሆነ ጣሳው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። የገቡት ማቅለሚያዎች በኮድና በመጠን ተጽፈው ይገኛሉ። የትኛው ኮድ የትኛው ቀለም እንደሆነ ቀላቃዩን ቢጠይቁት ግድግዳው ላይ ምን እንደሚጠብቅዎ ከወዲሁ ያውቃሉ። ይህን ነጩ ውስጥ የተደበቀ ቀለም ከዚህ በኋላ "ዝንባሌ" እንለዋለን።

ስሙን ግን አይመኑት። "ንጹሕ"፣ "ተፈጥሯዊ"፣ "ወተት" የሚሉት ስሞች ለመሸጫ የወጡ ናቸው። ጥሩ ምሳሌ አለ፤ ከ1927 ጀምሮ በሚሠራበት ራል በተባለው የጀርመን የቀለም መለያ ቁጥር 9010 "ንጹሕ ነጭ" ይባላል፤ ሲያዩት ግን ትንሽ ቢጫ የነካው ሞቅ ያለ ነጭ ነው። ቁጥር 9016 ደግሞ ስሙ "የትራፊክ ነጭ" ሆኖ ሳለ ከ9010 ይልቅ የጠራና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከፋብሪካ ተቀብተው የሚመጡ የመስኮትና የበር ፍሬሞች ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱን ስለሚይዙ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። 9016 ፍሬም ዙሪያ 9010 ግድግዳ ከተቀባ ግድግዳው አዲስ ሆኖ ሳለ ያረጀ ይመስላል።

ኮዱ ራሱ የሚናገር መለያም አለ፤ ኤንሲኤስ የሚባለው የስዊድን ሥርዓት። "ኤስ 0502-ዋይ" የሚል ካዩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ጥቁረቱን (5 በመቶ)፣ ቀጣዮቹ ሁለት የቀለሙን ብርታት (2 በመቶ)፣ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ ዝንባሌውን (ዋይ ማለት ቢጫ) ይነግሩዎታል። አር ቀይ፣ ቢ ሰማያዊ፣ ጂ አረንጓዴ ነው። "ኤስ 0500-ኤን" ካለ ዝንባሌ የለውም ማለት ነው።

ሌላው መፈለግ ያለበት ቁጥር ኤልአርቪ የሚባለው ነው፤ ቀለሙ ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን መልሶ እንደሚለቅ ከ0 እስከ 100 የሚለካ። ነጭ የሚባሉት አብዛኞቹ ከ80 በላይ ናቸው፤ በጣም የነጡት ከ90 ያልፋሉ። ፀሐይ በደንብ በሚገባበት ክፍል ከ90 በላይ የሆነ ነጭ ዓይን ይወጋል፤ ከ80 እስከ 87 ያለው ለመኖሪያ ይመቻል። ወደ 75 ሲወርድ ሰው ነጭ ማለቱን ትቶ "ክሬም ነው" ወይም "ግራጫ ነው" ይላል። ኤልአርቪ ስለ ዝንባሌ ምንም አይናገርም፤ ሁለት ቀለሞች 84 ሆነው አንዱ ሮዝ፣ ሌላው አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ብርሃኑን ይወቁት

መስኮቱ ወዴት ይመለከታል? ከምድር ወገብ ርቆ በስተሰሜን ባለ አገር ወደ ሰሜን የሚከፈት መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘው እምብዛም ነው፤ የሚገባው ከሰማይ የተበተነ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ከወገብ በስተደቡብ ደግሞ ይህ ዕጣ የደቡቡ መስኮት ነው። ወደ ምድር ወገብ በተጠጉ ቁጥር ፀሐይ የዓመቱን ከፊል በሰሜን፣ ከፊሉን በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ይህ ልዩነት ይደበዝዛል፤ እዚያ ለምርጫ የሚያገለግለው ምሥራቅና ምዕራብ ነው።

ፀሐይ በማይገባው ክፍል ውስጥ ግራጫማ ወይም ሰማያዊማ ነጭ ቢቀቡ ግድግዳው ጥላ ያረፈበት ይመስላል። ሞቅ ያለ ነጭ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ቢጫ ብቻ ያለበት ነጭ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ለእንዲህ ያለው ክፍል ቢጫው ላይ ትንሽ ቀይ የታከለበት ይሻላል። ናሙናው ላይ ሮዝ መሆኑ ያስፈራል፤ ግድግዳው ላይ ግን ሰማያዊው ብርሃን ሮዙን ይውጠዋል።

ፀሐይ ሲገባበት የሚውል ክፍል ተቃራኒውን ይፈልጋል። ብርሃኑ ራሱ ቢጫ ስለሆነ ክሬሙ ቅቤ ይሆናል። ገለልተኛ ወይም ትንሽ ግራጫ ያለበት ነጭ እዚያ ሞቅ ብሎ ይታያል። የምሥራቅ ክፍል ጠዋት ቢጫ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ ነው፤ የምዕራብ ክፍል ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ይውልና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብርቱካናማ ይሆናል። ሁለቱንም ሰዓት የሚያስደስት ነጭ የለም፤ ክፍሉን በብዛት የሚጠቀሙበትን ሰዓት ይዘው ይወስኑ። ማታ ብቻ የሚገባበት መኝታ ቤት የሚመረጥለት በአምፖል ብርሃን ነው።

አምፖሉን ሳይወስኑ ቀለም አይወስኑ። አምፖል ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ኬልቪን የሚል ቁጥር አለ። ከ2,700 እስከ 3,000 ቢጫማ ብርሃን ነው፤ 4,000 ገለልተኛ፤ ከ5,000 እስከ 6,500 ሰማያዊማ። በ2,700 ኬልቪን ክሬም ነጭ ይበልጥ ቢጫ ይሆናል፤ በ6,500 ያው ክሬም ሕይወት ያጣል። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት አምፖል ከተገጠመ አንዱ ግድግዳ ለሁለት የተቀባ ይመስላልና፣ ለቀለም ገንዘብ ከማውጣት በፊት አምፖሎቹን ወደ አንድ ቁጥር ማምጣት ይቀድማል። ሲአርአይ የሚለውንም ይዩ፤ ቀለሞችን በትክክል የማሳየት ብቃት ማለት ነው፤ 90 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ዝቅተኛ ሲአርአይ ያለው አምፖል የተዋጣለትን ነጭ አመዳም ያደርገዋል። ሁለት ቀለሞች በሱቁ መብራት አንድ ሆነው ቤት ሲገቡ የሚለያዩትም በብርሃን ምክንያት ነው፤ በተለያዩ ማቅለሚያዎች የተሠሩ ቀለሞች የሚገጣጠሙት በአንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ፋብሪካ የወሰዱትን ነጭ ሌላው ፋብሪካ "አመሳስሎ" ሲያዘጋጅልዎ ይህን አይርሱ።

ሌላው ብርሃን ከመሬት የሚነሳው ነው። ቀይ የእንጨት ወለል ወደ ላይ ሮዝ ይረጫል፤ ከመስኮት ውጭ ያለ ሣር ወይም ዛፍ አረንጓዴ፤ የጎረቤት የሸክላ ግድግዳ ብርቱካናማ። መፈተኛው ቀላል ነው። ንጹሕ የማተሚያ ወረቀት ይዘው እኩለ ቀን ላይ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ አድርገው ግድግዳውን አስጠግተው ይያዙት፤ ከዚያ ያንኑ ወረቀት ኮርኒሱ አጠገብ ይያዙት። ታች ሲሆን ወረቀቱ የሚይዘው መልክ ግድግዳዎም የሚይዘው ነው። አረንጓዴ የሚመጣበት ክፍል ውስጥ አረንጓዴ ዝንባሌ ያለው ነጭ አያስገቡ፤ ትንሽ ቀይ ያለበት ያስታርቀዋል።

ስለ ጨለማ ክፍልም ግልጽ እንሁን። ነጭ ቀለም ብርሃን አይሠራም፤ ያገኘውን ይመልሳል እንጂ። መስኮት የሌለው ኮሪደር በጣም በነጣ ቀለም ሲቀባ ማዕዘኖቹ ላይ የሚጠራቀመው ጥላ ግራጫ ሆኖ ይታያልና ክፍሉ የባሰ ይከፋል። እዚያ ወይ መብራት መጨመር ነው፣ ወይ ነጭን ትቶ ሞቅ ያለ ቀለም መቀባት።

የማይቀየረውን ይቁጠሩ

ወለል፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ፣ የእጅ መታጠቢያና የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የመስኮት ፍሬም፣ የኩሽና ቁም ሣጥን፣ የድንጋይ ጠረጴዛ። እነዚህን ካልቀየሩ ግድግዳው እነሱን መምሰል አለበት እንጂ እነሱ ግድግዳውን አይመስሉም። የመታጠቢያ ቤት ሴራሚኮችና መቀመጫዎች ብዙዎቹ የጠራ ነጭ ናቸው፤ አጠገባቸው ክሬም ከቆመ ክሬሙ የቆሸሸ ይመስላል። በተቃራኒው፣ የኩሽናው ድንጋይ ቡናማና ክሬም ከሆነ የጠራው ነጭ ድንጋዩን ያስረጀዋል።

ሁለት ነጮች አንድ ቦታ ከተገናኙ ወይ አንድ ይሁኑ ወይ በግልጽ ይለያዩ። ትንሽ ብቻ የሚለያዩ ከሆነ ምርጫ ሳይሆን ስሕተት ይመስላል። በሩ፣ ዞኮሎውና ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር ያንኑ ነጭ ቢቀቡና አንጸባራቂነታቸው ብቻ ቢለያይ ከሁሉ የማያሳስት መንገድ ይሄ ነው። ኮርኒስ ላይ "የኮርኒስ ነጭ" ተብሎ የተዘጋጀውን በልማድ መቀባት ደግሞ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ግድግዳው ክሬም ሲሆን ያ የጠራ ኮርኒስ ከላይ ሆኖ ሲያጋልጠው ይኖራል።

ናሙናውን በትክክል መፈተን

ከካታሎግ ላይ ሦስት ወይም አራት ነጮች ይምረጡ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይን ይደክማል። ካታሎግ ላይ ዝንባሌውን ለማየት የሚያግዝ ዘዴ አለ፤ ነጩ ባለበት ረድፍ ከታች ያለውን ጠቆር ያለ ቀለም ይዩ። ረድፉ የተሠራው ከአንድ ቤተሰብ ከሆነ ነጩ የደበቀውን ጠቆር ያለው ይናገረዋል። ከዚያ፦

1. ከእያንዳንዱ ትንሹን ጣሳ ይግዙ። ስልክ ላይ ወይም ኮምፒውተር ላይ ያዩት ነጭ የስክሪኑ ነጭ ነው፤ ለምርጫ አይሆንም።

2. ቢያንስ 40 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ ወፍራም ነጭ ካርቶን ላይ በሮለር ሁለት እጅ ይቀቡ። በሁለቱ እጆች መካከል ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይተዉ። ዳር ዳሩን 3 ሴንቲሜትር ያህል ሳይቀቡ ይተዉት፤ ካርቶኑን ግድግዳ ላይ ሲያቆሙት ያ ነጭ ጠርዝ የድሮው ግድግዳ ቀለም እንዳያታልልዎ ያግዳል። ቢጫ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተቀባ ገለልተኛ ነጭ ሰማያዊ ይመስላልና በቀጥታ ግድግዳ ላይ መሞከር አይመከርም።

3. እስኪደርቅ አንድ ቀን ይጠብቁ። እርጥብ ፕላስቲክ ቀለም ወተት ይመስላል፤ ሲደርቅ ትንሽ ጠቆር ይላል።

4. ካርቶኑን እንደ ግድግዳው ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ጠረጴዛ ላይ ከተጋደመ ብርሃኑን የሚቀበለው ከሌላ አቅጣጫ ነው።

5. በመስኮቱ አጠገብ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳና በጨለማው ማዕዘን ያዙሩት። ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ወደ ማምሻው፣ ማታ ደግሞ መጋረጃው ተዘግቶ አምፖሉ በርቶ ይዩት። ዝናባማ ወይም ደመናማ ቀን ካጋጠመ ዕድል ነው፤ ግራጫ ዝንባሌ በዚያን ቀን አይደበቅም።

6. ናሙናዎቹን ከወለሉ፣ ከሴራሚኩና ከፍሬሙ ጋር አነካክተው ይዩ። የሚወስነው ይህ እርምጃ ነው።

ማተሚያ ወረቀት አጠገብ አድርጎ ማወዳደር ይጠቅማል፣ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ንጣት የሚጨምር ኬሚካል ስላለበት ከአብዛኞቹ የግድግዳ ነጮች ይልቅ ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል፤ አጠገቡ የቆመ ሁሉ ቢጫ ይመስላል። ወረቀቱን የሚጠቀሙበት የትኛው ናሙና ይበልጥ ቢጫ፣ የትኛው ይበልጥ ሮዝ እንደሆነ ለመለየት እንጂ "ነጭ ነው ወይስ አይደለም" ለማለት አይደለም።

አራቱ ግድግዳ ሲቀባ ደግሞ ዝንባሌው ከካርቶኑ ይልቅ ይበረታል። ብርሃኑ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲመላለስ በየምልሱ ያንኑ ቀለም ይዞ ስለሚመጣ ነው። በሁለት ናሙናዎች መካከል ከተጠራጠሩ ዝንባሌው ደከም ያለውን ይውሰዱ። የካርቶኑን ሁለት ጫፍ አጥፈው ማዕዘን ሠርተው ወደ ውስጡ ቢመለከቱ ይህን መበርታት በትንሹ ያዩታል።

አንጸባራቂነት

አንድ ነጭ በማት (በማያንጸባርቅ) እና በአንጸባራቂ ሲቀባ ሁለት ነጭ ይመስላል። ማት ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ልስላሴ የጎደለውን ግድግዳ ይሸፍናል፤ ቆሻሻ ከነካው ግን ማጠቡ ያስቸግራል። አንጸባራቂው ሊታጠብ ይችላል፤ ስቱኮው ላይ የቀረውን ጭረት ሁሉ ግን ያወጣል። ኮርኒስ ማት ይሁን። የመኖሪያና የመኝታ ክፍል ግድግዳ ማት ወይም የእንቁላል ቅርፊት የሚመስል ለስላሳ ነጸብራቅ ያለው ይሁን። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ሳቲን (በመጠኑ የሚያንጸባርቅ)፤ በርና ዞኮሎ ከፊል አንጸባራቂ። ብርሃኑ ከጎን እየጨረፈ የሚያልፍበት ግድግዳ፣ ለምሳሌ እስከ ማዕዘኑ የደረሰ መስኮት ያለበት፣ ከማት ሌላ አይፈልግም።

የአውሮፓ ምርት ከሆነ ጣሳው ላይ ኢኤን 13300 የሚል ደረጃ ይፈልጉ። ለመታጠብ ያለው ጥንካሬ ከ1 እስከ 5፣ የመሸፈን አቅሙ ከ1 እስከ 4 ይሰጣል፤ በሁለቱም 1 የተሻለው ነው። ልጆች ላሉበት ቤት ነጭ ከተፈለገ መታጠቡ 1 ወይም 2 ይሁን።

በውሃ የሚቀጥን ወይስ የዘይት?

ለነጭ፣ በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ይመረጣል። የዘይት ቀለም ነጩ ከጊዜ ጋር ይቢጫል፤ በተለይ ብርሃን በማይነካው ቦታ። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በር ጀርባ፣ የተሰቀለ ሥዕል ሥር። ሥዕሉን ሲያወርዱ ቢጫ አራት ማዕዘን የሚገኘው ለዚህ ነው። አሞኒያ ደግሞ ያፋጥነዋል፤ አንዳንድ የመስኮት ማጽጃዎችና አንዳንድ ትኩስ የፕላስቲክ ቀለሞች አሞኒያ ይለቃሉ። በሩን በዘይት ቀለም ቀብተው በዚያው ሰሞን ግድግዳውን በፕላስቲክ የሚቀቡ ከሆነ መስኮቱን ክፍት አድርገው አየሩን ያናፍሱት።

ከስሩ ያለው

ነጭ ቀለም ከስሩ ያለውን የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው፤ ምንም ማቅለሚያ ያልገባበት የጠራ ነጭ ደግሞ ከሁሉ ይደክማል። ጥቂት ጥቁር የገባበት ነጭ በሁለት እጅ ሲሸፍን የጠራው ሦስት ሊፈልግ ይችላል። ደማቅ ወይም ጠቆር ያለ ግድግዳ ላይ ከሆነ መጀመሪያ አንድ እጅ ነጭ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ይቀቡ፤ ከፕራይመር ይልቅ ውዱን ቀለም አራት እጅ መደራረብ ገንዘብ ማባከን ነው።

የውሃ እድፍ፣ ጥላሸት፣ የሲጋራ ጭስና የእንጨት ቋጠሮ በቀለም ብዛት አይሸነፉም። በውሃ ቀለም ውስጥ ስለሚሟሙ በየእጁ እየዘለቁ ቢጫ ሆነው ይወጣሉ። የሚያፈሰውን ቧንቧ ወይም ጣሪያ መጀመሪያ ያስጠግኑ፤ ቦታው ይድረቅ፤ ከዚያ እድፍ የሚያግድ የዘይት ወይም የሼላክ ፕራይመር ይቀቡበት፤ ከዚያ ነጩ ይከተል።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይድረቅ። ከዚያም በኋላ አልካሊነቱ ብርቱ ነው፤ የዘይት ቀለም ከተቀባበት ዘይቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠውና ቀለሙ እንደ ሙጫ እጅ የሚይዝ ይሆናል፣ ይላጣል። አልካሊ የሚቋቋም ፕራይመር ያስፈልጋል። ስቱኮ የተቀባና በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገ ግድግዳ ላይ ደግሞ ነጭ አቧራው ነጭ ላይ አይታይም፤ እጅዎን በግድግዳው ላይ ያሳልፉና መዳፍዎን ይዩ። መዳፍዎ ከነጣ ግድግዳው አልተዘጋጀም፤ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ይጠረግ። አቧራ ላይ የተቀባ ቀለም ልክ እንደ ወረቀት በሉህ ይነሳል። ብዙ አሥርት ዓመታት ያስቆጠረ ቤት ከሆነ የድሮው ቀለም ሊድ ሊኖርበት ስለሚችል ሳያስመረምሩ በደረቁ አይፈግፍጉት።

ስንት ሊትር?

የክፍሉን ዙሪያ በከፍታው አባዝተው በርና መስኮቱን ይቀንሱ። 4 ሜትር በ3.5 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 15 ሜትር ነው፤ በ2.8 ሲባዛ 42 ካሬ ሜትር። በሩ (0.9 በ2.1) እና መስኮቱ (1.5 በ1.2) አንድ ላይ 3.7 ያህል ይወስዳሉ፤ 38.3 ይቀራል። ለሁለት እጅ 76.6 ካሬ። ለስላሳ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ከ10 እስከ 12 ካሬ ይቀባል፤ በ10 ሲያካፍሉ 7.7 ሊትር ይሆናል። 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 8.5 ሊትር ገደማ ነው። ኮርኒሱ 14 ካሬ ስለሆነ ለሁለት እጅ ሌላ 3 ሊትር ይፈልጋል። ሻካራ ልስን ብዙ ይጠጣል፤ ለእሱ በ7 ወይም በ8 ያካፍሉ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ የምርት ቁጥሩም አንድ ይሁን። ከዚያ ጣሳዎቹን ሁሉ አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጠው ያማሱት። በሁለት ጣሳዎች መካከል ያለች ጥቂት ልዩነት ግድግዳው መሀል ላይ መስመር ሆና ትቀራለች፤ በሌላ ቀለም ላይ ብትታለፍም በነጭ ላይ አትታለፍም። ካልቀላቀሉ ቢያንስ ጣሳ የሚቀይሩት ማዕዘን ላይ ደርሰው ይሁን።

ሲቀባ የሚበላሸው

ነጭ ፕራይመር ላይ ነጭ ሲቀባ የተቀባው ካልተቀባው አይለይም፤ ሲደርቅ ግን የተዘለለው ሁሉ ይወጣል። መድኃኒቱ ብርሃኑን ከጎን ማድረግ ነው፤ የእጅ መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግተው ጎን ለጎን ሲያበሩ እርጥቡ ያንጸባርቃል፣ የተዘለለው ደብዝዞ ይቀራል።

ማዕዘኑንና የኮርኒሱን ዳር በብሩሽ ቀብተው ሲደርቅ መሀሉን በሮለር ከቀቡ ክፍሉ ዙሪያውን ፍሬም የገባለት ይመስላል። ዳሩን አንድ ግድግዳ ብቻ ይቀቡና ሳይደርቅ ሮለሩን እስከ ዳሩ አስጠግተው ያሳልፉ። ለለስላሳ ግድግዳ የሮለሩ ጸጉር ከ9 እስከ 12 ሚሊሜትር ይሁን። ግድግዳ ጀምረው መሀል ላይ አያቁሙ፤ የደረቀ ጠርዝ ላይ የተደረበ ቀለም መስመር ይተዋል። ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ቀለሙ በደንብ አይያያዝም፤ ኃይለኛ ፀሐይ ባረፈበት ግድግዳ ደግሞ ሮለሩ ሳይመለስ ይደርቃል።

አንድ እጅ ተቀብቶ "ይሄማ ግራጫ ነው" ብለው ቀለም ለመቀየር አይሩጡ። አንደኛው እጅ ከስሩ ያለውን ቀለም እያሳየ ነው። ሁለተኛው እጅ ደርቆ፣ ወለሉን የሸፈነው ላስቲክ ተነሥቶ፣ አምፖሉ ተገጥሞ ይታይ። በተለይ ላስቲኩ ሰማያዊ ከሆነ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ሲረጭ ቆይቷልና።

የተረፈውን ቀለም አየር በማያስገባ ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑት፤ የቀለሙን ኮድ፣ የምርት ቁጥሩን፣ አንጸባራቂነቱንና የተቀባበትን ክፍል ጽፈው ይለጥፉበት። በኋላ የተጫረውን ቦታ ሲነካኩ ማት ከሆነ በትንሽ ሮለር ቢነካ አይታወቅም፤ አንጸባራቂ ከሆነ ግን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሙሉውን ግድግዳ መቀባት ያስፈልጋል።